አባቴ ከፖሊስነት ጡረታ ወጣ፣ ቤታችን ግን ጣቢያ ሆኖ ቀረ

በዚህ ርዕስ በመድረካችን ላይ ክሩን፣ ማለትም ውይይቱን፣ የከፈተችው ባሕር ዳር የምትኖር አንዲት እህታችን ናት። አባቷ 30 ዓመት በፖሊስነት አገልግለው በሳጅንነት ጡረታ ወጥተዋል። የሚኖሩት ከጣና ማዶ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ከሚቆምባቸው ትንንሽ ከተሞች በአንዷ። ያርፋሉ ተብሎ ነበር፣ አላረፉም። ገና ሌሊት 11 ሰዓት ይነሱና ዱላቸውን ይዘው ገበያውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የጀልባ ማቆሚያውን ይዞራሉ። ሲመለሱ በር ላይ ሰው ይጠብቃቸዋል። አንዱ ድንበሬ ተገፋ ብሎ፣ አንዱ መረቤ ተሰረቀ ብሎ፣ አንዷ ባሌ መታኝ ብላ። እናቷ ቡና ያፈላሉ፣ አባቷ ይሰማሉ፣ ይመክራሉ፣ ያስታርቃሉ። ደመወዝ የለው፣ መዝገብ የለው፣ ማብቂያም የለው። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ ሽምብጥ አካባቢ አንድ ክፍል አዘጋጅተናል፣ ወደ ባሕር ዳር እናምጣቸው ወይስ እዚያው እንተዋቸው?

መልሱ ስለበዛና መሀል ላይ ስለተበታተነ፣ አሁን ለምትገቡ በተራ ቁጥሩ ልተርክላችሁ። የራሴንም ሐሳብ እጨምርበታለሁ። ከፖሊስ ቤት ባልወለድም ከፖሊስ ቤት ጎን ነው ያደግሁት፣ ነገሩ ያገባኛል።

መልስ 1 ምርቃት ብቻ ነው። መልስ 2 ያለ ማመንታት አምጧቸው ይላል። ምክንያቱ ሕክምና ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደም ግፊቱም ስኳሩም አይቀርም፣ ባሕር ዳር ደግሞ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታልም ቅርብ ነው። ሌሊት ታሞ ጀልባ ከመጠበቅ ባጃጅ መጥራት ይሻላል ባይ ነው።

መልስ 3 ላይ የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። አይሆንም አሉ። በአንድ ከተማ 30 ዓመት የታወቀ ሰው ሌላ ከተማ ሲገባ ማንም አይደለም። የሥራ ባልደረባቸውን ልጆቹ እንዲሁ ባሕር ዳር አምጥተውት፣ ሲነጋ ግቢው በር ላይ ወንበር አውጥቶ መንገደኛውን እያየ ይውል ነበር። ሰላም የሚለው ሲያጣ ከስቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። እህታችንንም በአክብሮት፣ ለራሳችሁ ምቾት ነው ወይስ ለእሳቸው ብለው ጠየቋት። ጥያቄው ከባድ ነበር፣ ግን በደግ ቃል ነው የቀረበው።

ከ4 እስከ 6 ያለው ከተማዋን ለማወቅ የተደረገ ግምት ነው። አንዱ ቁንዝላ ናት አለ። ሌላው ጀልባው ደልጊም ይቆማል፣ ዘጌና ደቅም ይቆማል፣ በምን አወቅህ አለው። እህታችን ራሷ ገብታ፣ እንዲህ ባለ ትንሽ ከተማ ሳጅን ከተባለ ሌላ ስም ስለማያስፈልግ እባካችሁ አትገምቱ ብላ ለመነች። ልክ ናት። አባቷ ያስታረቋቸው ሰዎችም ስልክ አላቸው፣ ያነባሉ።

መልስ 7 ወደ ገንዘብ ዞረ። የፖሊስ ጡረታ የደመወዙ ግማሽ ነው፣ በዚያ ባሕር ዳር መኖር አይቻልም አለ። መልስ 8 አረመው፣ እኔም ይህን መልስ ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስሌቱን አያውቀውም። ጸሐፊዋ በሰው ሀብት አስተዳደር የሠራች ናት። የሚታየው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25፣ ለፖሊስና ለመከላከያ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ ፖሊስ 63 በመቶ ያገኛል፣ ያንኑ ያህል ያገለገለ መምህር ደግሞ 55። ግማሽ ደመወዝ የሚባለው የሟች ባለቤትን ድርሻ ከባለ ጡረታው አበል ጋር አምታቶ ነው አለችው። ግን አንድ ነገር ጨመረች፦ ደመወዙ ራሱ ትንሽ ከሆነ 63 በመቶው ምን ያህል እንደሚሆን ለማንም አይጠፋም።

መልስ 9 ታዲያ ባሕር ዳር መጥተው ባንክ ወይም ሆቴል ጥበቃ ይቀጠሩ አለ። ብዙ ጡረተኛ ፖሊስ ይህን ይሠራል፣ እውነት ነው። መልስ 10 ግን ተቆጣ። ጣቢያ የመራ ሰው ለሰው መኪና በር ሲከፍት ማየት ለልጆቹ ምን ክብር አለው ብሎ ጻፈ። 9ኙም ዝም አላለም። የራሱ አባት ከፖሊስነት ወጥተው በጥበቃ ሥራ ሁለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዳስተማሩ ነገረው። 10ኛው መልስ አልሰጠም። ሊሰጠው የሚገባ መልስም ያለ አይመስለኝም።

መልስ 11 የክሩ ልብ ነው ብል አላጋነንኩም። የጻፈው በዚያው ወረዳ ያስተማረ መምህር ነው። የ7ኛ ክፍል ተማሪው ልትዳር ነው ብላ ጓደኛዋ ነገረችው። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፣ ልጅቷ ደግሞ 14 ቢሞላት ነው። መምህሩ ለሳጅኑ ነገራቸው። ሳጅኑ ድግሱ ሳይጀመር ከጤና ጣቢያ ሰው ይዘው ሄዱ፣ ሠርጉም ቀረ። ሁሉም አበቃ ብሎ ሲያስብ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ልጅቷ ሌላ ቀበሌ ተወስዳ በሌሊት ተዳረች። ሳጅኑ በሰሙ ማግሥት በታንኳ ተሻግረው፣ ከዚያ በእግራቸው ሄደው ልጅቷን ይዘዋት ተመለሱ። አባትየው ተከሰሰ። መምህሩ ያነሳው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የልጅቷ ዘመዶች ሳጅኑን በመንገድ ሰላም ማለት ተዉ፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሳጅኑን ባለቤት ግን ከጽዋ ማኅበራቸው አስወጧቸው። በቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጥላቸው እንኳ ጠፋ። እሳቸው ልጅቷን አላመጡም፣ አባቷን አላሰሩም። የባላቸው ሚስት መሆናቸው በቃ።

ከዚህ በኋላ ዝም ብሎ ማሰብ ይገባ ነበር። ክር ግን እንደዚያ አይሄድም።

መልስ 12 ዓሣ አስጋሪ ነው። አንዴ ሁለት ሰዎች በአንድ መረብ ተካሰው ሳጅኑ ፊት ቀረቡ። ሳጅኑ ምስክር አልጠሩም። መረቡን አስፈትተው ቋጠሮውን አዩ፣ ከዚያ ሁለቱንም ለየብቻ የተቀደደ መረብ እንዲጠግኑ አዘዟቸው። የአንዱ ቋጠሮ ከመረቡ ጋር አንድ ሆነ፣ ሌላው አፈረ። ይኸው ሰው ሌላም አመሰገናቸው፦ ሰክሮ የሚረብሽ ሲገኝ ልብ እስኪገዛ ሳምንት ያህል ጣቢያ ያሳድሩት ነበር፣ ከዚያ በኋላ አይደግመውም። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ መልስ አግኝቷል።

መልስ 13 እና 14 ጭራሽ ከጉዳዩ ወጡ። የመረቡ ነገር ስለ እንቦጭ አስነሳ። እንቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ወዲህ ዓሣ አስጋሪው ከመረብ ይልቅ አረም እየጎተተ መዋሉ፣ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ መራቁ፣ ዓሣው በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጉት ሰዎች ነገር። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም የራሱ ክር ይገባዋል። ከዚያ አንዱ ስለ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ጀመረ፣ 380 ሜትር ነው፣ በ2016 ተመርቋል፣ ማታ መብራቱን ለማየት አባትሽን አምጪልን አለ። መልስ 15 የመድረኩ አስተባባሪ ነው። ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ፣ ባይል ኖሮ እስከ ዛሬ ድልድይ ላይ ነበርን።

መልስ 16 ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊው ሥራ ላይ ያለ ወጣት ፖሊስ ነው። ሳጅኑን እንደሚያከብር፣ ሥራውንም ከእንደሳቸው ዓይነት ሰዎች እንደተማረ አስቀደመ። ከዚያ ማንም ያላለውን አለ። ሰው ከጣቢያው ይልቅ ጡረተኛው ቤት ሲሄድ አቤቱታው መዝገብ ውስጥ አይገባም። ባል ሚስቱን ለሦስተኛ ጊዜ ሲመታ ጣቢያው የመጀመሪያው ይመስለዋል። ፍርድ ቤት ማስረጃ ሲጠይቅ ማስረጃው የሳጅኑ ሳሎን ውስጥ ቀርቷል። ደግሞ ጡረታ የወጣ ሰው የመያዝም የማሰርም ሥልጣን የለውም፣ የሰው ዕቃ ወይም መታወቂያ ይዞ ቢገኝ ተጠያቂ እሱ ነው። የሌሊቱ ዙር ደግሞ ያሰጋዋል። አዲሶቹ ተረኞች በጨለማ ዱላ የያዘ ሰው ሲያዩ ማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

መልስ 17 ሰደበው። ትናንት የወለድናቸው ሽማግሌ ሊያስተምሩን ነው ከሚለው የሚብስ ቃል ነበረበት፣ አስተባባሪው አጠፋው። ከስድቡ የተረፈው ፍሬ ነገር ጣቢያ ሄዶ አቤት ለማለት እንኳ ነገ ተነገ ወዲያ ስለሚባል ሰው የሚያውቀው በር ያንኳኳል የሚል ነው። ፍሬ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ስድቡ ግን አስቀየመኝ። ልጁ የተናገረው ደፍሮ ነው፣ በደግ ቃልም ነው።

መልስ 18 አጭርና መራራ ነበር። ሴት ናት፣ ከየት እንደሆነች አልተናገረችም። ባሏ ሲመታት ሦስት ጊዜ በሽማግሌ ወደ ቤቷ ተመልሳለች፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መለዮ የለበሰ ፖሊስ ነበር። ልጆቿን አስባ እንድትታገሥ ተመከረች። በአራተኛው ክንዷ ተሰበረ። ስለዚህ የሚያስታርቅ ሳጅን ሲመሰገን ስትሰማ ደስ አይላትም። ማንም አልተከራከራትም፣ አንድ ሁለት ሰዎች እህቴ አይዞሽ ብቻ ብለው አለፉ።

መልስ 19 የሕግ ባለሙያ ነው። የተዘበራረቀውን አጠራው። ስድብንና ቀላል ድብደባን የመሰለው በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ነው፣ ተበዳዩ ታርቄያለሁ ካለ ሊቆም ይችላል። ግድያ፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ አስገድዶ መድፈር፣ ያለዕድሜ ጋብቻ ግን የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው። ሽማግሌ ቢያስታርቅ፣ ቄስ ቢገዝት ክሱ አይቀርም። የ18ኛዋ ክንድ ጉዳይ ለሽማግሌ የሚቀርብ አልነበረም አለ በግልጽ። ወደ 12ኛውም ዞረ። ሰካራምን ሳምንት ማሳደር ምስጋና አይገባውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚያ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚጠይቀው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ሐይቅ መሻገር የመንገድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ልብ እስኪገዛ መጠበቅ ግን አይደለም። እህታችን ይህን አንብባ ከፋት። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም ብላ ጻፈች። ባለሙያው ክፉ እንዳላላቸው፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ቦታ እንዲህ ይሠራ እንደነበር በትሕትና መለሰላት።

መልስ 20 ላይ ደግሞ ከደንቢያ በኩል አንድ አባት ገቡ። የሕጉን ሰው አመሰገኑና አንድ የቀረ ነገር አለ አሉ። ሰው ተገድሎ ገዳዩ ቢፈረድበትም የሟች ወንድም ደሜን እመልሳለሁ ብሎ ይነሳል። ፍርድ ቤቱ ይህን አያስቆምም። ደም የሚያደርቁት ሽማግሌና ካህን ናቸው፤ ገዳዩ እስሩን ይጨርሳል፣ ሁለቱ ወገን ደግሞ በመስቀል ፊት ይምላሉ። እዚህ ላይ የሳጅን ጥቅሙ ትልቅ ነው፣ ማን ከማን ደም እንዳለው፣ ሠርግ ላይ ማንን ከማን ጎን ማስቀመጥ እንደማይገባ ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ባሕር ዳር ሲገባ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ አይውሰዷቸው፣ ሁለት ወጣት ፖሊስ አጠገባቸው አስቀምጡና ይማሩ አሉ። 16ኛው ልጅ ወዲያው እኔ እቀመጣለሁ አለ። ክሩ ውስጥ ደስ ካሰኙኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

መልስ 21 የእኔ ነው። ሃያውን መልስ መላልሼ አነበብኩ። ሳጅኑ ይምጡ፣ ሳጅኑ ይቅሩ፣ ሳጅኑ ይቀጠሩ፣ ሳጅኑ ያስተምሩ። እናትየውስ? ከመምህሩ በቀር ስለ እሳቸው የጻፈ የለም፣ ጥያቄው ውስጥም ያሉት ቡና ሲያፈሉ ነው። በሩ ሌሊት ሲንኳኳ አብረው የሚነሱት እሳቸው ናቸው። የታሰረ ሰው እናት መጥታ ስታለቅስ እንጀራ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። ከጎረቤት ጋር እንደማንኛውም ሴት ተጣልተው መታረቅ አይችሉም፣ ባሏን ተማምና ነው ይባላሉ። ጎረቤታችን የነበሩት የፖሊስ ባለቤት ገበያ ላይ ዋጋ ሲቀነስላቸው ሸሽተው ሌላ ጋ ይገዙ ነበር፣ ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጡረታ የወጡት አንድ ሰው ናቸው፣ ያገለገሉት ግን ሁለት ናቸው። ስለዚህ እህታችንን ለመነኋት፦ ማንንም ከመጠየቅሽ በፊት እናትሽን ጠይቂ።

መልስ 22 ወረታ፣ አዲስ ዘመንና እብናት በአባቷ ዝውውር ምክንያት እየተዘዋወረች የተማረች የፖሊስ ልጅ ናት። ጓደኛ ስትይዝ ዝውውር ይመጣል። ፋሲካ ላይ አባቷ ተረኛ ናቸው፣ ምክንያቱም በዓል ሲሆን ነው ጠብ የሚበዛው። ደመወዙ አልበቃ ሲል እናቷ ጠላ ይጠምቁ ነበር። እዚያው ጠጥቶ የሚጣላውን አባቷ ይይዙታል፣ በማግሥቱ ሰውየው የእናቷን ጠላ ሊጠጣ ይመጣል። እናቷ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ መሀል ቆመው ኖሩ አለች። አባቷ ሲሞቱ ጓዶቻቸው መጥተው በክብር ቀበሯቸው። ስለ እናቷ ግን አንድም ሰው አልተናገረም። ይህን ስትጽፍ የተናደደች ይመስለኛል፣ መብቷ ነው።

ከዚያ ክሩ ለጥቂት ቀን ዝም አለ። መልስ 23 ላይ እህታችን ተመለሰች። በጀልባ ሄዳ እናቷን አባቷ በሌሉበት ጠይቃቸዋለች። እናትየው ባሕር ዳር መምጣት አይፈልጉም። እድራቸውም ቤተ ክርስቲያናቸውም እዚያ ነው፣ ከማኅበሩ ያስወጧቸው ሴቶችም ከዓመታት በኋላ መልሰዋቸዋል። የሚፈልጉት በሩ እንዲዘጋ ነው፦ እሑድና በዓል፣ ከእራት በኋላም። ከዚያ እስከ ዛሬ ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ነገሯት። ባሌ መታኝ ብለው የሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ለሳጅኑ አልነበረም። ለእሳቸው ነው። ጓዳ አስገብተው ያሳድሯቸው ነበር፣ አንዳንዷን አባትየው ሳያውቁ ጭምር። ከእንግዲህ ጓዳ ከማሳደር ይልቅ እጇን ይዤ ጣቢያ አደርሳታለሁ፣ መዝገብ ሲከፈት አይቼ እመለሳለሁ ብለዋል።

18ኛዋ በመልስ 24 ተመልሳ ምስጋና ጻፈች። ሁለት መስመር ብቻ ናት፣ ግን ከዚህ በፊት የነበረው ምሬት አልነበረባትም።

አባትየው በር መዝጋቱን መጀመሪያ አልወደዱትም፣ በኋላ ተስማሙ። የድንበርና የመረብ ጠብ ከሆነ ረፋድ ላይ ቀበሌው ግቢ፣ ሌሎች ሽማግሌዎች ባሉበት ይሰማሉ። የሌሊት ዙራቸውን ግን አልተውም አሉ። 16ኛው ልጅ ታዲያ ለጣቢያው ተረኞች ያሳውቁ፣ ባትሪም ይያዙ አለ። ጥሩ ምክር ነው።

መልስ 25 የ8ኛዋ ናት፣ ስለ ጡረታው የጻፈችው። እናትየው ከተነሱ ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር አልተውም አለች። ባለ ጡረታው ሲሞት ባለቤቱ የአበሉን 50 በመቶ ታገኛለች፣ ግን ጋብቻው በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። የድሮ ጋብቻ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም፣ ሐዘን ላይ ያለች ሴት ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ትንከራተታለች። ሁለቱም በሕይወት እያሉ ይጠናቀቅ።

መልስ 26 እህታችን ፋይሉን አይታለች። አባትና እናቷ በቁርባን የተጋቡ ናቸው፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የላቸውም፣ ፋይሉ ውስጥ የእናቷ ስም በአንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም ተሳስቶ ነው የተጻፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱን ይዛ ቀበሌ፣ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ትሄዳለች። ወላጆቻቸው ወረቀት የሌላቸው ሌሎችም ምን ይዘው መሄድ እንዳለባቸው ከሥር እየጠየቁ ነው፣ የምታውቁ ካላችሁ መልሱላቸው።